የአንድ ሳሙና ዋጋ በስንት እጅ ያልፋል?

ስለ አገራችን የችርቻሮ ንግድና ስለ ችግሮቹ

ገበሬ በአንድ የገበያ ቀን ሁለት ሰው ነው። ጠዋት ሻጭ ነው፤ ጤፉን፣ በጉን፣ ዶሮውን ይዞ ይወጣል። ከሰዓት በኋላ ገዢ ነው፤ በሸጠበት ገንዘብ ጨው፣ ሳሙና፣ ዘይት፣ የልጅ ደብተር ገዝቶ ይመለሳል። ማታ ቤቱ ገብቶ ሲያሰላ ብዙ ጊዜ «የሸጥሁት ረከሰ፣ የገዛሁት ተወደደ» ይላል።

ለምን እንዲህ ይሆናል? ነጋዴው ስለ ሰረቀን ነው? መንገዱ ስለ ራቀ ነው? ወይስ ሌላ ምክንያት አለው? ለዚህ ጥያቄ መልስ ለማግኘት ስለ ችርቻሮ ንግድ ማወቅ ያስፈልጋል። ፊደል የቆጠረ፣ ደምሮና ቀንሶ የሚያሰላ ሰው ይህን ማወቅ አያቅተውም።

የችርቻሮ ንግድ ምንድን ነው?

እቃን በብዛት ገዝቶ፣ በትንሽ በትንሹ ከፋፍሎ፣ ለሚጠቀምበት ሰው መሸጥ የችርቻሮ ንግድ ይባላል። ይህን የሚሠራ ሰው ቸርቻሪ ነው። በካርቶን፣ በኩንታል፣ በበርሜል የሚሸጠው ደግሞ ጅምላ ሻጭ ይባላል። ከፋብሪካ ወይም ከአስመጪ ተረክቦ ለጅምላ ሻጮች የሚያደርሰው አከፋፋይ ነው።

በአገራችን ቸርቻሪው ብዙ ዓይነት ነው። መንገድ ዳር ጆንያ አንጥፋ ሽንኩርትና ቲማቲም በመደብ በመደብ የምትሸጠው ባለ ጉሊት ቸርቻሪ ናት። ሣጥኑን አንገቱ ላይ አንጠልጥሎ መርፌ፣ ክርና ማስቲካ የሚያዞረው ሱቅ በደረቴ ቸርቻሪ ነው። የሰፈሩ ባለ ሱቅ፣ በገበያ ቀን ድንኳን የሚተክለው ጨርቅ ሻጭ፣ በአዲስ አበባ ያለው ባለ ብዙ መደርደሪያ ሱፐርማርኬት፣ ሁሉም ቸርቻሪዎች ናቸው። ነገር ግን አብዛኛው የአገራችን ችርቻሮ ያለው በትልልቆቹ መደብሮች ሳይሆን በነዚህ በትንንሾቹ እጅ ነው። ይህን ልብ በሉ። ትንሽ ሱቅ በቀጥታ ከፋብሪካ መግዛት አይችልም። ስለዚህ እቃው በብዙ እጅ አልፎ ነው የሚደርሰው።

ድሮም መንገድ ዋጋ ይጨምር ነበር

ንግድ በአገራችን አዲስ ነገር አይደለም። ሲራራ ነጋዴ በቅሎውንና አህያውን ጭኖ ወራት የሚወስድ መንገድ ይጓዝ ነበር። ከአፋር በረሃ ተቆርጦ የሚመጣው አሞሌ ጨው ለምግብ ብቻ ሳይሆን እንደ ገንዘብም ያገለግል ነበር። አሞሌው ከተቆረጠበት ቦታ በራቀ ቁጥር ዋጋው ይጨምራል። በሰሜን ብዙ አሞሌ በአንድ ማርትሬዛ ብር ሲመነዘር፣ ወደ ደቡብና ወደ ምዕራብ ሲዘልቅ ግን በዚያው ብር የሚገኘው አሞሌ ያንስ ነበር። ጨው ያው ጨው ነው። የጨመረው የመንገዱ፣ የቀረጡና የድካሙ ዋጋ ነው።

ጣሊያን በ1928 ዓ.ም. አዲስ አበባን ከያዘ በኋላ በአራዳ የነበረውን የአገሬውን ሰው ገበያ ወደ ምዕራብ አዛወረው። ዛሬ መርካቶ የምንለው ይኸው ነው፤ ቃሉም በጣሊያንኛ ገበያ ማለት ነው። በሩቅ አገር ሱቅ ውስጥ የምታዩት ጨርቅ፣ ጫማ፣ የፕላስቲክ እቃ ብዙውን ጊዜ በመርካቶ በኩል አልፎ የመጣ ነው።

የኮታና የሰልፍ ዘመን ምን አስተማረን?

በ1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት የሕዝብ ሀብት እንዲሆን ታወጀ፤ ገበሬ ማኅበራትም ተቋቋሙ። በኋላም ገበሬ ማኅበራት ተባብረው የአገልግሎት ኅብረት ሥራ ማኅበር እያቋቋሙ የራሳቸውን ሱቅ ከፈቱ። ጨው፣ ሳሙና፣ ጨርቅ በነዚህ ሱቆች በተተመነ ዋጋ ይሸጥ ነበር። ከተማ ውስጥ ደግሞ የቀበሌ ሱቆች ስኳርና ዘይት በካርድ ያከፋፍሉ ነበር። እህልን የሚገዛው ዋናው ክፍል የመንግሥት የእርሻ ሰብል ገበያ ኮርፖሬሽን ሆነ። ገበሬው የኮታውን እህል የሚያስረክበው ከገበያው ባነሰ ዋጋ ነበር። የግል ነጋዴው በኬላ ተከለከለ።

የሐሳቡ መነሻ መሀል ላይ የቆመውን ነጋዴ ማስወጣት ነበር። ታዲያ ምን ሆነ? የተጻፈው ዋጋ ርካሽ ነበር፤ እቃው ግን አልበቃም። ሰው ሰልፍ ቆሞ ባዶ እጁን ይመለስ ጀመር። ኮታውን መሙላት ያልቻለ ገበሬም ከገበያ በውድ ዋጋ እህል ገዝቶ፣ በርካሽ ያስረከበበት ጊዜ አለ። በመጨረሻ በየካቲት 1982 ዓ.ም. መንግሥት የኢኮኖሚ መመሪያውን ሲለውጥ ኮታው ቀረ፤ የእህል ንግድም ነፃ ሆነ።

ከዚያ ወዲህም ተመሳሳይ ነገር ታይቷል። በ2003 ዓ.ም. ዋጋ ሲንር መንግሥት በብዙ ሸቀጦች ላይ የዋጋ ጣሪያ አወጣ። ጣሪያ ማለት ከዚህ በላይ እንዳይሸጥ የሚል ወሰን ነው። ብዙም ሳይቆይ አንዳንዱ እቃ ከመደርደሪያ ጠፋ። በዚያው ዓመት በአብዛኞቹ ሸቀጦች ላይ የነበረው ጣሪያ ተነሣ።

ከዚህ የምንማረው አንድ ትልቅ ነገር አለ። መሀል ላይ ያለውን ሰው ማስወጣት ይቻላል፤ የሚሠራውን ሥራ ግን ማስወጣት አይቻልም። እቃውን የሚያጓጉዝ፣ የሚያከማች፣ የሚከፋፍል፣ ገንዘቡ እስኪመለስ የሚጠብቅ አንድ ሰው መኖር አለበት። ያንን ሥራ የሚሠራ ከሌለ፣ ርካሽ ዋጋ ወረቀት ላይ ብቻ ይቀራል።

ሒሳቡን አብረን እንሥራ

አሁን እርሳስና ደብተር ያዙ። የምንጽፋቸው ቁጥሮች ለመለማመጃ የተሰጡ ናቸው እንጂ የገበያ ዋጋ አይደሉም። ግብሩንም ለጊዜው እንተወው።

አንድ የሳሙና ፋብሪካ 50 ሳሙና የያዘ ካርቶን በ1000 ብር ሸጠ እንበል። አንዱ ሳሙና 20 ብር ማለት ነው።

አከፋፋዩ 50 ብር ጨመረ። 1050 ብር ሆነ።
የመኪና ኪራይና የጫኝና አውራጅ 100 ብር ወጣ። 1150 ብር ሆነ።
የወረዳው ከተማ ጅምላ ሻጭ 70 ብር ጨመረ። 1220 ብር ሆነ።
ከወረዳው ከተማ እስከ ቀበሌው በጋሪና በአህያ 80 ብር ወጣ። 1300 ብር ሆነ።
የቀበሌው ባለ ሱቅ 150 ብር ጨመረ። 1450 ብር ሆነ።

1450 ለ50 ሲካፈል 29 ይሆናል። ከፋብሪካ በ20 ብር የወጣው ሳሙና እናንተ ዘንድ በ29 ብር ደረሰ። ልዩነቱ 9 ብር ነው። ይህን 9 ብር ማን ወሰደው? አከፋፋዩ 1 ብር፣ ጅምላ ሻጩ 1 ብር ከ40 ሳንቲም፣ ባለ ሱቁ 3 ብር ወስደዋል። የቀረውን 3 ብር ከ60 ሳንቲም የበላው መንገዱ ነው። በዚህ ምሳሌ ከሁሉም የበለጠ የወሰደው መንገዱ ነው ማለት ነው። የባለ ሱቁም 3 ብር ሁሉ ትርፍ አይደለም። የቤት ኪራይ፣ ግብር፣ አይጥ የበላው፣ በዱቤ ወጥቶ ያልተመለሰው ሁሉ ከዚያው ላይ ይነሣል።

ነገር ግን ይኸው ሳሙና በ40 ብር ቢሸጥላችሁስ? ያን ጊዜ መጠየቅ አለባችሁ። 29 ብሩን አውቀነዋል። የቀረው 11 ብር የምን ሥራ ዋጋ ነው? መንገድ ተበላሽቶ ነው? እቃ ጠፍቶ ነው? ወይስ ምንም ሳይሠራ የተጨመረ ነው? ማስላት የሚችል ሰው ዝም ብሎ «ነጋዴ ሌባ ነው» አይልም፤ ዝም ብሎም አይከፍልም። እያንዳንዱ እጅ ምን እንደ ሠራ ይጠይቃል።

የችርቻሮው ንግድ ዋና ዋና ችግሮች

1ኛ/ መንገድና ነዳጅ። አገራችን የባሕር በር የላትም። እስከ 1990 ዓ.ም. ድረስ ብዙው የውጭ እቃ በአሰብ ይገባ ነበር፤ ከዚያ ወዲህ አብዛኛው በጅቡቲ በኩል ይገባል። የወደብ ኪራይና ረጅም የመኪና ጉዞ ዋጋው ላይ ይደመራል። ከሐምሌ 2014 ዓ.ም. ጀምሮም የነዳጅ ድጎማ ደረጃ በደረጃ መነሣት ስለ ጀመረ የማጓጓዣ ዋጋ ጨምሯል። በክረምት ደግሞ ወንዝ ሲሞላና መንገዱ ሲጨቀይ የገጠር ሱቅ ባዶ ይሆናል።

2ኛ/ የውጭ ምንዛሪ። ከውጭ የሚገዛ እቃ የሚከፈለው በብር ሳይሆን በዶላር ነው። ከሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. በፊት አንድ ዶላር በባንክ 57 ብር ገደማ ነበር። በዚያን ቀን ምንዛሪው በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ፣ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አለፈ። «እኛ ዶላር ምን አገባን?» ትሉ ይሆናል። ያገባናል። በየቤታችን የሚገባው የፓልም ዘይት የሚመጣው ከውጭ ነው። አገር ውስጥ የሚሠራው ሳሙናም ቢሆን ከጥሬ እቃው ከፊሉ ከውጭ ይመጣል። ሰሊጣችንን ወደ ውጭ እየላክን ዘይት ከውጭ እናስገባለን።

3ኛ/ የመነሻ ገንዘብና ዱቤ። ባንክ ሲያበድር ማስያዣ ይጠይቃል። ትንሹ ባለ ሱቅ የሚያስይዘው ነገር የለውም። ስለዚህ ጥቂት ጥቂት እየገዛ፣ በየጊዜው የመኪና እየከፈለ ይነግዳል። ጥቂት የሚገዛ ሰው ደግሞ አስወድዶ ይገዛል። በዚህ ላይ የሰፈሩ ሰው በዱቤ ይወስዳል። ዱቤ በክረምት ችግረኛን ያወጣል፤ በጊዜው ካልተመለሰ ግን ሱቁን ይዘጋል። ሱቁ ሲዘጋ ሁላችንም ለአንድ ፍሬ ክብሪት ወረዳ ድረስ እንሄዳለን።

4ኛ/ መደበቅና ባዕድ ነገር መቀላቀል። ዋጋ ሊጨምር ነው ሲባል እቃ የሚደብቅ ነጋዴ አለ። በርበሬ ውስጥ የሸክላ ዱቄት፣ ቅቤ ውስጥ ሙዝ ተቀላቅሎ የተያዘበትም ጊዜ አለ። ይህ ንግድ አይደለም፤ ጤናን መጉዳት ነው። ይህን የሚያደርግ ገበሬም ቢኖር ያው ነው። እህሉን አሸዋ ቀላቅሎ የሚያቀርብ ሰው የሰፈሩን ሁሉ እህል ስም ያጠፋል፤ ገዢውም ለጥርጣሬው ሲል ከሁሉም ዋጋ ይቀንሳል።

5ኛ/ ሚዛንና ደረሰኝ። ቁና ከቦታ ቦታ ይለያያል፤ ኪሎ ግን በየትም አገር አንድ ነው። በቁና የሸጠ ሰው ስንት ኪሎ እንደ ሸጠ አያውቅም። በ2006 ዓ.ም. የወጣው የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ነጋዴ የእቃውን ዋጋ በግልጽ በሚታይ ቦታ እንዲለጥፍና ለገዢው ደረሰኝ እንዲሰጥ ደነገገ። ከ1995 ዓ.ም. ጀምሮም በብዙ እቃዎች ላይ ከመቶ 15 የተጨማሪ እሴት ታክስ ይከፈላል። ደረሰኝ ካልተቀበላችሁ፣ ታክስ ተብሎ የተወሰደባችሁ ገንዘብ መንግሥት ግምጃ ቤት ይግባ ወይም የነጋዴው ኪስ ይቅር ማረጋገጫ የላችሁም።

እህላችሁም በዚያው ዓይነት ሰንሰለት ይሄዳል

ሳሙናው ወደ እናንተ ሲመጣ በብዙ እጅ እንደሚያልፍ ሁሉ፣ ጤፋችሁም ወደ ከተማ ሲሄድ በብዙ እጅ ያልፋል። በገበያ ቀን መጀመሪያ የሚገዛችሁ ሰብሳቢው ነው። ሰብሳቢው ለጅምላ ነጋዴ ያስረክባል። ጅምላ ነጋዴው አስጭኖ ወደ አዲስ አበባ ይልካል። እዚያም እህል በረንዳ በሚባለው የመርካቶ ገበያ ደላላው እህሉን አይቶ ሻጭና ገዢን ያገናኛል። ከዚያ ወፍጮ ቤቶች ይገዙታል። በአዲስ አበባ ብዙው ወፍጮ ቤት እህል ከመፍጨት ሌላ ይቸረችራል። የከተማው ሰው «ጤፍ ተወደደ» ብሎ ሲያማርር፣ እናንተ ደግሞ «ጤፍ ረከሰ» ብላችሁ የምታማርሩት በዚህ ምክንያት ነው። ሁለታችሁም እውነት ትናገራላችሁ። የቆማችሁት በአንዱ ሰንሰለት በሁለቱ ጫፍ ነው።

የጊዜውም ነገር አለ። በታኅሣሥና በጥር አውድማው ሁሉ ሲወቃ፣ ሁሉም በአንድ ጊዜ ይሸጣል። ግብር አለ፣ የማዳበሪያ ዕዳ አለ፣ ሠርግ አለ። ዋጋው ይወርዳል። በሐምሌና በነሐሴ ዋጋው ይወጣል። ያን ጊዜ ጎተራው የተሟጠጠበት ገበሬ ራሱ የሚያመርተውን እህል በጣሳ ይገዛል። አርክሶ ሸጦ አስወድዶ ገዛ ማለት ይህ ነው። ይህን ትርፍ ያገኘው እህሉን ያከማቸው ሰው ነው። ማከማቸትም አንድ ሥራ ነው ብለናል። ታዲያ ያንን ሥራ እኛ ራሳችን ለምን አንሠራውም?

አዲስ የመጣ ነገር

ለብዙ ዘመን የችርቻሮ ንግድ ለኢትዮጵያውያን ብቻ የተከለለ ነበር። በ2016 ዓ.ም. በወጣ መመሪያ ግን የውጭ ባለሀብቶችም ቅድመ ሁኔታዎችን አሟልተው በጅምላና በችርቻሮ ንግድ እንዲገቡ ተፈቀደ። አንዳንዱ «ዋጋ ይረጋጋል» ብሎ ደስ አለው፤ አንዳንዱ «ትንሹን ነጋዴ ይውጠዋል» ብሎ ሠጋ። የሁለቱም አባባል ምክንያት አለው። ትልቅ መደብር በብዛት ስለሚገዛ ሰንሰለቱን ማሳጠር ይችላል። ግን ገዢው እንደፈለገ የመጣለትን አይቀበልም። አንድ ዓይነት ጥራት፣ ትክክለኛ ሚዛን፣ በቀጠሮው ቀን የሚደርስ እቃ ይፈልጋል። ሁለት ኩንታል ብቻ የያዘ ገበሬ ለብቻው ይህን ማሟላት አይችልም። ብዙ ገበሬ ተባብሮ ግን ይችላል። በሌላ በኩል ትልቅ መደብር ገጠር ቀበሌ ድረስ አይመጣም፤ በክረምትም ዱቤ አይሰጥም። ስለዚህ የቀበሌው ትንሽ ሱቅ ገና ያስፈልገናል።

ሌላው አዲስ ነገር በስልክ መክፈል ነው። ቴሌብር ከግንቦት 2013 ዓ.ም. ጀምሮ ይሠራል። ገንዘብ በጉያ ይዞ መንገድ ላይ ከመዘረፍ ያድናል። ነገር ግን ማንበብ ይጠይቃል። «ገንዘብ ልኬልሃለሁ» ያላችሁን ሰው ከማመን በፊት የደረሳችሁን መልእክት ራሳችሁ አንብቡ፤ ቀሪ ሒሳባችሁን እዩ። የምሥጢር ቁጥራችሁን ለማንም፣ ለባለ ሱቁም ቢሆን፣ አትንገሩ።

ምን ማድረግ እንችላለን?

ከመሸጣችሁ በፊት በኪሎ አስመዝኑ። ሚዛኑ ባዶውን ዜሮ ላይ መቆሙን በዓይናችሁ እዩ።

በየገበያው ቀን የሸጣችሁትንና የገዛችሁትን ዋጋ ደብተር ላይ ጻፉ። የአንድ ዓመት ጽሑፍ መቼ መሸጥ እንደሚሻል ያሳያችኋል።

እቃ ስትገዙ የተመረተበትንና ጊዜው የሚያልፍበትን ቀን አንብቡ። በታሸጉ እቃዎች ላይ ቀኑ ብዙ ጊዜ በፈረንጅ አቆጣጠር ስለሚጻፍ ልዩነቱን አስሉ። የፈረንጁ ዓመት ከእኛ በ7 ወይም በ8 ይበልጣል።

የኅብረት ሥራ ማኅበር ካላችሁ ሒሳቡን አስነብቡ። ማኅበሩ ዋጋ የሚያረክሰው ስሙ ማኅበር ስለሆነ አይደለም። በብዛት ሲገዛ፣ አንድ መኪና ሞልቶ ሲያስጭን፣ እህል በጥሩ መጋዘን ሲያቆይ፣ ሒሳቡ በየጊዜው ሲመረመር ነው። የነጋዴውን ሥራ ከነጋዴው በተሻለ ካልሠራ፣ ማኅበሩም ሌላ አንድ እጅ ጨመረ ማለት ነው።

ዱቤ የወሰዳችሁም በጊዜው መልሱ። ሱቁ የሚቆመው በእናንተ ገንዘብ ነው።

ለውይይት የቀረቡ ጥያቄዎች

1. በቀበሌያችሁ ሱቅ የሚሸጥ አንድ እቃ ምረጡ። ከወረዳው ከተማ ስንት ይገዛል? ማጓጓዣው ስንት ነው? ሱቁ ውስጥ ስንት ይሸጣል? ከላይ እንደተሠራው ደምሩ።

2. ባለፈው ዓመት በጥርና በሐምሌ አንድ ኩንታል እህል በገበያችሁ ስንት ነበር? ልዩነቱ ስንት ነው? በጥር ላለመሸጥ ምን ቢኖር ይቻል ነበር?

3. ማኅበራችሁ ከሰንሰለቱ ውስጥ አንድን ሥራ ብቻ ይውሰድ ቢባል፣ ማጓጓዙን፣ ማከማቸቱን ወይስ መቸርቸሩን ብትወስዱ ይሻላል? ለምን?